የኔቪል ኮምፒውተር የሚቆራረጥበት ምክንያት

ውድ ኔቪል፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ይባላል። ጤናህ እንዴት እንደሰነበተ ግን ካንተ በፊት እኔ ስለማውቀው፣ ይህን ጥያቄ ልጽፍልህ አፈርኩ። ደክሞኛል፣ ኔቭ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ ቢያምርም ባያምርም ይኸው ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምንህ። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ የመኪና መሪ እንዳትጨብጥ። የልጅህን የጆዲንም፣ የማንንም።

ባለፈው ቅዳሜ የኮምፒውተር መኪናችንን ስንነዳ በማዳመጫው ልነግርህ ሞክሬ ነበር። «ኔቭ» አልኩህ። «ወይ?» አልከኝ። «የኋላ መብራትህ ጠፍቷል» ብዬህ አረፍኩ። አልጠፋም ነበር። አንተም ጨዋታው ውስጥ መኪናህን ዳር አስይዘህ፣ ዞረህ አይተህ፣ «ዓይንህን ተመርመር፣ አንተ ሽማግሌ» አልከኝ። በአፍ ያልሆነልኝ በወረቀት ይሆንልኝ እንደሆነ እንግዲህ ልየው። ስልክ ፊት ላይ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን ቢወረውሩትም ተመልሶ ይነበባል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ባለቤትህ ማሪየን ያረፈች ጊዜ ጆዲ «አባዬ ብቻውን ከግድግዳ ጋር ተፋጦ ነው የሚውለው» ብላ ያን ኮምፒውተር ከነመሪው ከነፔዳሉ ከአዴላይድ ላከችልህ። እኔም ሠላሳ ዓመት የስልክ ሽቦ ስቀጥል ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ጋራዤ ውስጥ የከተማችንን የዋራባን ሰው ኮምፒውተር መጠጋገን ጀምሬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን አንተ ከእርሻ ቤትህ፣ እኔ ከጋራዤ፣ በጨዋታው ሁለት የጭነት መኪና አስከትለን የበረዶ አገር መንገድ እንያያዘው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የከረመ ሰው በእረፍቱ ደግሞ መሪ ይጨብጣል ወይ ብዬ ስስቅብህ፣ «አውቶቡሱ ውስጥ ሃያ ሦስት ልጅ ይጮህብኛል። እዚህ የጫንኩት ቲማቲም ነው። ቲማቲም አይጮህም» ትለኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፤ ከሰባቱ ቀን ለእኔ ቀን የነበረው ቅዳሜ ነው። ሌላው ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር ነበር። ይህን አንድም ቀን ነግሬህ አላውቅም። እዚህ አገር ወንድ ለወንድ እንዲህ አይባባልም። የምንባባለው «ቋሊማ ይዘህ ና» ነው።

መቆራረጡን የነገርከኝ ነሐሴ ላይ ነው። «ረስ፣ ይሄ ማሽን ሃንግ እያደረገ አስቸገረኝ። ቀጥ ባለ መንገድ ስሄድ ድንገት ይዘላል፤ ከዚያ ሳየው ቦይ ውስጥ ነኝ» አልከኝ። ካቻቪቴዬንና ደብተሬን ይዤ መጣሁ። ገና በሩ ላይ የሙያችንን ቀልድ ለቀቅኩብህ፤ «ከኮምፒውተር ብልሽት ግማሹ ያለው በወንበሩና በኪቦርዱ መካከል ነው።» አንተም «እንግዲያው ካቻቪቴውን ወደ እኔ አዙረዋ!» ብለህ ደረትህን ነፋህልኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ በእርግጥም የማሽኑ ነበር። የስክሪኑን ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባህ ዋናው ቦርድ ላይ ነበር የሰካኸው። ያ ሁሉ የተከፈለበት ካርድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተኝቷል። ይህን ስነግርህ «ሁለት ቀዳዳ አድርገው የሠሩት እነሱ፣ የምሰደበው እኔ!» አልክ። ሽፋኑን ስከፍተው ደግሞ የዋራባ ቀይ አቧራ ማራገቢያውን ደፍኖት አገኘሁ። በረንዳ ላይ አውጥተን በኮምፕሬሰር ስንነፋው ሁለታችንም ከእግር እስከ ራሳችን ቀይ ሆንን፤ ውሻህ እንኳ አላወቀንም። ሁለቱ ሚሞሪዎችም በማይሆን ቦታ ጎን ለጎን ተሰክተው ነበር፤ አራራቅኳቸው። በሰከንድ ሃያ ስምንት ምስል ብቻ እየሳለ ሲያዘግም የነበረው ስክሪን ዘጠና አምስት መሳል ጀመረ። ጀርባዬን መታ መታ አድርገህ «አንተ እኮ ለከተማ ነበር የምትሆነው» አልከኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ቦይ ውስጥ ገባህ።

የሙያው ሕግ አንድ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትቀይራለህ፣ ግማሽ ሰዓት ትፈትናለህ፣ ደብተር ላይ ትጽፋለህ። ሁለት ነገር አብረህ ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነው አታውቅም። ስለዚህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር እየነዳሁ መጥቼ አንድ አንድ ነገር ቀየርኩ። የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አወረድኩ፣ መልሼ ጫንኩ። ከበስተጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ዘጋሁ። የፕሮሰሰሩን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ዊንዶውሱን ከሥር ነቅዬ አዲስ ጫንኩ፤ ያን ዕለት የማሪየን ፎቶዎች ጠፉ ብለህ ደንግጠህ እኔንም አስደነገጥከኝ፤ አልጠፉም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንተ ቦይ መግባትህን አልተውክም።

ከዚያ የእያንዳንዱን ምስል ጊዜ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጫንኩልህ። ስክሪኑ ለቅጽበት እንኳ ቢቆም ፕሮግራሙ የሚስለው መስመር ተራራ ይሠራል። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ማሽኑ «እኔ አልቆምኩም» እያለኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቀና ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን መዝጋቢውን ተጠራጠርኩ። አጥፍቼ ሌላ መዝጋቢ ጫንኩ፤ ያም ቀጥ ያለ መስመር አወጣ። እሱንም ተጠራጠርኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሽቦና ማሽን ሲነካካ የኖረ ሰው እንዲህ ነው፤ በመለኪያ ላይ መለኪያ ይደራርባል እንጂ ወንበሩ ላይ ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ አያይም።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ ጨዋታውን በሙሉ እንዲቀዳ አደረግኩት። ስክሪኑን፣ የሞተሩን ድምፅ፣ መሪውን ስንት እንዳዞርከው፣ በማዳመጫው የምትናገረውንም። ቅጂውን በፍላሽ ወስጄ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋራዤ ውስጥ ከፈትኩት። ሻይ አፍልቼ ነበር።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ከእኔ ጋር ታወራለህ። «ረስ፣ ከሰዓት ስትመጣ ከሥጋ ቤቱ ያቺን ወፍራሟን…» አልክና ዝም አልክ። እኔ ያን ዕለት ኢንተርኔቱ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ግን ቅጂው ያለው ያንተው ማሽን ላይ ነው፤ ኢንተርኔት አያገባውም። ሞተሩ ሳይቋረጥ ያጉረመርማል። የመስታወት ጠራጊው ድምፅ እየተመላለሰ ነው። መሪው ንቅንቅ አላለም፤ ነዳጁን እንደረገጥክ ነው። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ መኪናው ሳይታጠፍ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ቦዩ ሄደ። ሰባት ሰከንድ። ከዚያ መኪናው ከተጋደመ በኋላ ድምፅህ መጣ፤ «ይኸው! አየኸው? እንደገና ዘለለ!»

ማሽኑ አልዘለለም ነበር፣ ኔቭ። ሰባቱ ሰከንድ ሁሉም እዚያው ነበሩ፤ አንድም ምስል አልጎደለም። የጎደልከው አንተ ነህ። ስምንት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሻዩ ቀዝቅዞ ደፋሁት።

አሁን የምጽፍልህን ለቄስም አልተናገርኩትም። ያን ሐሙስ ዕለት፣ አንተ በማግሥቱ ጠዋት ሃያ ሦስት ልጅ ጭነህ ስድሳ አንድ ኪሎ ሜትር እንደምትነዳ አውቄ፣ ዝም አልኩ። ደውዬ «ጥፋቱን አገኘሁት መሰለኝ፤ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን፤ አዲስ አዝዣለሁ» አልኩህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። አንተን መንካት ፈርቼ ያን ምስኪን ማሽን ደበደብኩት። ከማሪየን በኋላ አንተን የሚያቆምህ አውቶቡሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳኸውን ነገር በአፌ ልንጠቅህ አልቻልኩም። ይህ ግን የሚያምረው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማሽኑ ከዳነ ቅዳሜ ለምን ብዬ እመጣለሁ የሚለው ነው። ጤነኛ ማሽን ጠጋኝ አይፈልግም።

እና ምን አደረግኩ መሰለህ? ጠዋት ጠዋት በፒክአፔ አውቶቡስህን መከተል ጀመርኩ። ከኋላ መከተሌ ምን እንደሚያድን እግዜር ይወቀው። የመጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ባለ ሁለት ሹሩባዋ ልጅ በመስኮቱ ምላሷን ታወጣልኝ ነበር፤ እኔም አወጣላት ነበር። ባራተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወርደህ መጣህ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ጭራዬ ሆንክ?»

«የድሮውን የስልክ መስመር እያየሁ ነው።»

«ጡረታ ከወጣህ ስድስት ዓመትህ አይደለም እንዴ!»

«ሽቦው አልሰማ ይሆናል።»

ሳቅህና ሄድክ። አሥራ አንድ ጠዋት ተከተልኩህ። በአሥራ አንደኛው፣ አጨዳው ደርሶ መንገዱ ባለ ሁለት ተሳቢ የእህል መኪና በሞላበት ጊዜ፣ ጎተራውን እንዳለፍክ አውቶቡሱ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተቃራኒው መስመር ወጣ። መሐል መስመሩን ተሻገረ። መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከፊት ምንም አልነበረም። አራት፣ አምስት። ልጅቷ ምላሷን አውጥታ እየሳቀችብኝ ነበር። ስድስት ላይ አውቶቡሱ ደንግጦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ አንድ የእህል መኪና በጎናችን አለፈ።

ምንም አልሆነም። አንድም ልጅ አልተጫረም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይኸው ምንም አለመሆኑ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ እንጂ የእኔ ጥሩነት አይደለም ያዳናቸው።

ያን ዕለት ፍላሹን ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ዶክተሯ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ይህን ከያዙት ስንት ቀን ሆነዎት?» አለችኝ።

«ከትናንት ወዲህ ነው» አልኳት። እዚያም ዋሸሁ።

«የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ መሬት ላይ አይጥልም። አንዳንዴ ሰውየው ተቀምጦ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ለጥቂት ጊዜ የለም፤ ራሱም አያውቀውም። መድኃኒት አለው። ግን ከዛሬ ጀምሮ መንዳት የለበትም።»

«እሺ፣ ዶክተር። ብቻ ስሜ እንዳይነሳ።»

ተመለከተችኝ። «ጓደኛዎ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ስሜን ለማንም አላነሳችም።

ቀጥሎ የሆነውን አንተም ታውቃለህ፤ ከማን እንደመጣ ብቻ ነው የማታውቀው። መንጃ ፈቃድህን ወሰዱ፤ ክኒን አዘዙልህ። «ማን ነው የጠቆመብኝ?» እያልክ ስትብሰለሰል ከረምክና የፖስታ ቤቷን ግሌንዳን ጠረጠርክ። ልክ ይመስል ነበር። ተተኪ ሾፌርህ እሷ ናት፤ መስከረም ላይ አብራህ ስትሄድ «ደህና ነህ ወይ፣ ኔቪል?» ብላ ጠይቃሃለች፤ አንተ ስትወርድ መስመሩ የተሰጠው ለእሷ ነው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ ባንኮኒዋ ፊት ቆመህ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ! ወንበሩን አሙቄ ነው የተውኩልሽ» አልካት።

«ኔቪል፣ ደብዳቤህ ይኸው» አለችህ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ልጅ አላስጫርኩም! አንቺ ግን ለአንድ አውቶቡስ ብለሽ ሐኪም ቤት ትሮጫለሽ? ተይ፣ ይህ ለማንም አይበጅም።»

ግሌንዳ በትከሻህ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ሦስተኛ ተሰላፊ ነበርኩ። ወደ ልደት ካርዶቹ ዞርኩና ካርድ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱን ከፍቼ ሁሉንም አነበብኩት፤ ለሰባት ዓመት ሴት ልጅ የሚሰጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከተማው እንዴት እንዳደረጋት አላየህም፤ ወደ ጆዲ ሄደሃል። የከተማው ክለብ ሴቶች ለኬክ ሽያጭ ሳይጠሯት ቀሩ። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ኋላ መስኮት ላይ፣ ቀዩ አቧራ ላይ፣ በጣት «ሌባ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ልጆቹ እያነበቡት ይወጣሉ። ፒክአፔን አቁሜ፣ በእጅጌዬ ጠርጌው፣ መሄድ እችል ነበር። አለፍኩት።

አሁን ወደ ጥር እንምጣ። አዴላይድ ጆዲ ቤት ኮምፒውተርህን ተክለህ በመጀመሪያው ቅዳሜ ስንገናኝ ጆሮዬ ላይ ጮህክ። «ረስ፣ አንተ ጋኔን! ለካ ያ ፓወር ሰፕላይ ነው! ሁለት ሰዓት ነዳሁ፣ አንዴም አልተቆራረጠም!» ክኒኑን ከጀመርክ አምስተኛ ሳምንትህ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «አላልኩህም?» አልኩ። ምስጋናህን ተቀበልኩ፣ ኔቭ። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሰው ውሸቱን ደጋግሞ ሲሰማው ማመን ይጀምራል ማለት ነው።

እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ በዚህ እኖር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳቅ እያልክ ምን አልከኝ? «ክኒኑን ከተውኩት ሦስት ሳምንቴ። ያፈዘኛል። ደግሞስ ምን ያደርግልኛል? ይቆራረጥ የነበረው ማሽኑ፤ አንተ ጠገንከው፤ አለቀ። ስፔሻሊስቱ ጋ በወሩ መጨረሻ ቀጠሮ አለኝ። አንድ ወረቀት ጻፍልኝ፤ ባለሙያ ነህ። ማሽኑ ብልሽት እንደነበረበት መስክርልኝ። መንጃ ፈቃዴን ከመለሱልኝ ኢንዲን ወደ ውኃ ዋና ትምህርቷ እያደረስኩ፣ ጆዲም ትንሽ ታርፋለች።» የልጅ ልጅህ ኢንዲ ስምንት ዓመቷ ነው። ከፊት ወንበር ካልተቀመጥኩ እንደምትልህ ነግረኸኛል።

ከዚያ ስለ ዋናዋ እያወራህ ሳለ፣ «አሰልጣኟ እኮ አንድ ቀን…» አልክና ዝም አልክ። ሞተርህ ያጉረመርማል። እኔ ከኋላህ ነበርኩ፤ መኪናህ መስመሩን ለቆ ሲሄድ አየሁት። ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ከዚያ፣ «ኧረ በእናትህ! ማሽኑ እንደገና ጀመረው! ምን እንቀይር፣ ረስ?»

«አየዋለሁ» አልኩህ። ከልማዴ ነው የወጣው። «አየዋለሁ።» ማዳመጫውን አወለቅኩና እዚያው ጋራዤ ውስጥ አለቀስኩ። የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ካቻቪቴ መሐል ተቀምጦ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያንተን በሽታ የደበቅኩት ግን እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ለጆዲ ደውዬ ክኒኑን መተውህን ነግሬያታለሁ፤ ቅጂውንም ልኬላታለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ውኃ በብርጭቆ ይዛ ራስጌህ ቆማ ከሆነ፣ ማን ጠቆመብኝ ብለህ አትድከም። እኔ ነኝ። ይህኛውን በስሜ ነው ያደረግኩት። የፊተኛውም የእኔ ነበር። ግሌንዳ ምንም አላደረገችም።

*

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤቱ ባንኮኒ ላይ፣ በክር በታሰረችው ብዕር ነው። ስለ እሷ የጻፍኩትን እሷ ሳታየው ልልከው ስላልፈለግኩ ለግሌንዳ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

«አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ከመቼ?»

«አሥራ አንድ ጠዋት የተማሪ አውቶቡስ ሲከተል የሰነበተ ፒክአፕ በዚህ ከተማ የማይታይ መሰለህ? በዚህ መስኮት በኩል ነው የምታልፈው፣ ረስል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? የሚቆጣበት ሰው ያስፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ ከድሮም አይወደኝም፤ ብዙ አይጎድልብኝም።» ወረቀቱን አስተካክላ አጠፈችው። «የክኒኑን ክፍል ላክለት። የእኔን ቁረጠው። እኔን መጥላት ለምዶታል፤ አንተን ከጠላ ግን ቅዳሜ ማን አለው?»

«አንቺስ ማን አለሽ?» አልኳት።

ሚዛኑን ማጽዳት ያዘች። ንጹሕ ነበር። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ኔቭ፤ ብዙ አይጎድልብኝም ያለችው ሴት።

አልቆረጥኩትም። የእሷን ስም ከአፍህ አውርደህ በቦታው የእኔን አድርግ። ለእሷም አንድ መስመር ጻፍላት፤ አጭር ቢሆንም ግድ የለም፣ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። እኔን ግን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ብዙ ጊዜ ተቆጣኝ፣ አቅም አለህ። ብቻ ክኒኑን እየዋጥክ ተቆጣኝ።

የጠየቅከኝን የባለሙያ ወረቀት ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ቀደህ ለስፔሻሊስቱ ስጠው።

ለሚመለከተው ሁሉ፤

የአቶ ኔቪል ክራመር ኮምፒውተር ከነሐሴ ወር ጀምሮ በእኔ ተመርምሯል። የተገኙበት ጉድለቶች በመስከረም ወር ተስተካክለዋል። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ፓወር ሰፕላዩ ያለ ምክንያት ነው የተቀየረው። የተቋረጠው የባለቤቱ ንቃት ሲሆን፣ በጥቅምት ሰባት ሰከንድ፣ በመጋቢት ዘጠኝ ሰከንድ ቆይቷል። ሁለቱንም ራሴ ቆጥሬያለሁ። በወቅቱ ያላሳወቅኩት ጓደኛዬን እንዳላጣ ስለፈራሁ ነው።

ረስል ሆፍማን
ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ዋራባ